የማንም ቅርስ አይደለም

የጉንዶ አፋፍ ተማሪ ቤት ዙሪያው አርባ አንድ እርምጃ ነበር። ሜትሬን ከቦርሳዬ ሳላወጣ ይህን የነገሩኝ የኔታ ኪዳነ ወልድ ናቸው።

«አርባ አንድ ነው» አሉ፣ መዳፋቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ። «ከበሩ ተነሥተህ በሩ ላይ እስክትመለስ። በእኔ እርምጃ ነው እንግዲህ፤ አንተ ረዝመሃል አሉ።»

ሜትሬን ዘርግቼ ለካሁት። ሃያ ስምንት ሜትር ሆነ። ጻፍኩት።

ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የሚኖሩት ከተማሪ ቤቱ ጀርባ በተለጠፈች ጎጆ ነው። ጠዋት ይወጡና ቀኝ እጃቸውን ከግድግዳው ላይ አድርገው ድንጋይ በድንጋይ እየዳሰሱ ወደ በሩ ይዞራሉ። ከበሩ ሰባት እርምጃ ወደ ፊት ሲሄዱ የቤተ ክርስቲያኑን መንገድ ያገኙታል። ወደ ምንጩ መውረድ ሲያምራቸው ደግሞ እንደ ጉልበት ወደ ውጭ ያበጠ አንድ ድንጋይ አለ፤ እሱን ሲነኩ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። የማንም እጅ ሳይዛቸው የሚሄዱበት አገር ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ግድግዳ ነበር። እኔ የተላክሁት ደግሞ ግድግዳው ሲፈርስ ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ እንደሚወጣው አስልቼ እንዳመጣ ነው።

ጊዜው ጥር 1979 ነው። ሰባት ዓመት ቡልጋሪያ ሶፊያ ተምሬ፣ ሕንፃ መሥራት የሚል ወረቀት ይዤ ተመልሼ፣ በተወለድሁበት አውራጃ መሐል ሜዳ ተመድቤ ነበር። በሶፊያ ሳለሁ ስለ መንዝ አስብ ነበር ለማለት አልደፍርም። ከመጣሁ በኋላም ስለ ሶፊያ አላስብም። ጠዋት ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ የደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሰው እየጫነ ይሆናል፤ ቆሜ አየዋለሁ፤ ሲሄድ እኔም እሄዳለሁ። ይኸው ነበር ኑሮዬ።

የመንደር ምሥረታው ትእዛዝ አጭር ነው። የጉንዶ አፋፍ ሰው በሙሉ ቤቱን አፍርሶ፣ ከአፋፉ አርባ አምስት ደቂቃ በእግር ወደሚያስኬደው ታች ሜዳ ወርዶ፣ በመስመር በተሰመረለት ቦታ ይሠራል። ለአዲሱ መንደር የስብሰባ አዳራሽ ያስፈልጋል። ለአዳራሹ ድንጋይ ያስፈልጋል። ተማሪ ቤቱ ልጆቹ በመኪናው መንገድ ዳር ወደተሠራው ባለቆርቆሮ ትምህርት ቤት ከሄዱ ወዲህ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም ካለፈ ወዲህ ባዶ ነበር። የታዘዝኩት ምክንያት ያለው ነገር ነው። እኔም በቦታቸው ብሆን ያንኑ አዝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት እዚያ ቤት ውስጥ ነው። አራት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ይህን ለምሥረታው ኮሚቴ አልተናገርኩም፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ቤቱን በዓይኔ ስመረምረው ግን አንድ ነገር አየሁ፤ በልጅነቴ ያላየሁት። ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አንድም የተጠረበ ድንጋይ የለበትም። ሁሉም ከመሬት እንደተነሣ ነው የተቀመጠው፤ ክቡም፣ ጎባጣውም፣ ጥርስ የመሰለውም። የኔታን ጠየቅኋቸው።

«ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው» አሉ። «እኔ ያኔ ዲያቆን ነበርኩ። የእመይቴ አማከለች ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቦታውንና ምሰሶውን ሰጠ። ድንጋይ የሚያጓጉዝ ግን ጠፋ፤ ሰው በሥራ ቀን እርሻው ላይ ነው። ታዲያ አለቃችን ምን አሉ? በሰንበት ከቅዳሴ ስትመለሱ አንዳንድ ድንጋይ ይዛችሁ እለፉ አሉ። ሰዉ ጮኸ። በሰንበት ሥራ! አለቃም መዶሻ ያልነካው ድንጋይ ሥራ አይባልም፣ መሸከሙም መንገድ መሄድ ነው ብለው ፈረዱ።»

«ስለዚህ አልተጠረበም።»

«አንዱ ቢጠረብ ሁሉም ኃጢአት ሊሆን ነው። ሁለት ዓመት ፈጀ። ይኸ የወዳጆ አባት ነው» አሉና አንዱን ድንጋይ መታ መታ አደረጉት። «ይኸ የጥሩሸዋ አያት። ክፉ ድንጋይ ነው፤ ሴትዮዋም እንዲሁ ነበረች።»

መሐል ሜዳ ተመልሼ ከመዝገብ ቤት አንድ የቆየ ሰርኩላር አገኘሁ። መንደር ሲመሠረት ጥንታዊ ቅርስ የሆኑ ቤቶች እንዳይነኩ፣ ነዋሪው በስብሰባ ቅርስነታቸውን ካረጋገጠና እድሳታቸውን በራሱ ጉልበት ከያዘ በቦታቸው እንዲቆዩ ይላል። ወረቀቱን ይዤ የምሥረታው አስተባባሪ ዘንድ ሄድሁ። በዕውቀቱ ይባላል፤ የዓለም ከተማ ልጅ ነው። ያደገው በሞቃት አገር ስለሆነ የመንዝ ብርድ አልተስማማውም፤ ቢሮ ውስጥም ካፖርቱን አያወልቅም፣ አፍንጫው ሁልጊዜ ቀይ ነው።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ጥሩ» አለኝ። «ስብሰባ ይጠራ። ጥያቄው ግን እዚህ እንደተጻፈው ይጠየቃል። አስቀድመህ መልስ እንዳታስጠናቸው። ያስጠናህ እንደሆነ ወረቀቱ ዋጋ የለውም።»

ተስማማሁ። ደስ ብሎኝ ነበር ብዬ አላስብም። አንድ ነገር ሊሆን ይችላል የሚል ስሜት ግን ነበረኝ።

የጉንዶ አፋፍ ሰዎች እድሳቱን ለመጀመር ስብሰባውን አልጠበቁም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወዳጆ፣ አጭር፣ ነገሩን ሁሉ ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሰው ነው። ወረቀት መገኘቱን ብቻ በሰማ በአራተኛው ቀን ደቦ ጠራ። የተማሪ ቤቱ ክዳን ካረጀ ቆይቷል፤ በሁለት በኩል ሰማይ ያሳያል። ለክዳን የሚሆነው የጓሳ ሣር ነው፤ እንደሌላው ሣር ቶሎ አይበሰብስም፣ ደህና ከተከደነ ሰው ያረጅበታል። ጓሳው በዱሮ ሥርዓት ለዓመታት ተከልክሎ በተወሰነ ቀን ብቻ የሚታጨድ ነበር፤ አሁን በማኅበሩ እጅ ነው። ወዳጆ በራሱ ኃላፊነት ፈቀደ። ሠላሳ ያህል ሰው አጭዶ፣ በአህያም በጀርባም ተሸክሞ አመጣው። እኔም ሄጄ ነበር። ዳር ቆሜ ማስታወሻ ስይዝ ጥሩሸዋ ነዶ ተሸክማ በአጠገቤ አለፈች።

«አንተ ከውጭ አገር የመጣኸው» አለችኝ፣ «እዚያ ሣር የለም እንዴ? ዓይንህን ከላዩ አላነሣህም።»

«አለ። ከብት ነው የሚበላው።»

«እኛም አገር ከብቱ ነበር የሚበላው። ዘንድሮ ለፊደል አበላነው።»

ሰዉ ሳቀ። የኔታ በርኖሳቸውን ደርበው በሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸውም ሳቁ። ከጣሪያው ላይ የሚወድቀው የሣር ብናኝ ጥምጥማቸው ላይ ሲያርፍ በጣታቸው እያነሡ ያሸቱት ነበር። እኔም ነዶ ማቀበል ጀመርኩ። እጄን ቆረጠኝ።

ማታ ልመለስ ስል ወዳጆ እስከ መኪናው ድረስ ሸኘኝ።

«ሐሙስ ስብሰባ አለ» አልኩት። «ስለ ቤቱ ትጠየቃላችሁ። በአንድ አፍ ተናገሩ። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ካለ አይሆንም።»

«ምንድን ነው የሚጠየቀው?»

ሰርኩላሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል፤ ሾፌሩ የበዕውቀቱ ሾፌር ነው። «እውነቱን ነው የሚጠየቀው» አልኩ።

ወዳጆ ትንሽ አየኝ። «እውነቱን» አለ። «ይሁን።»

ሐሙስ ዕለት በአዲሱ ክዳን ሥር ተሰበሰብን። ቤቱ ውስጥ ሣሩ ይሸታል። ሠላሳ ሰባት የቤት አባወራዎችና እማወራዎች ከግድግዳው ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። በመካከል ምሰሶው አጠገብ ለበዕውቀቱና ለእኔ ሁለት ወንበር ተደርጓል። በዕውቀቱ ባጭሩ ተናገረ፤ ብርዱ አላስረዘመውም። ከዚያ ለእኔ ምልክት ሰጠኝ። ተነሥቼ ከወረቀቱ ላይ እንዳለ አነበብኩ።

«ይህ ቤት ቅርስ ነው ወይስ አይደለም?»

ሁሉም ወደ ወዳጆ ዞሩ። አንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ገባኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ወዳጆ ነጠላውን አስተካክሎ ተነሣ።

«አይደለም» አለ። «የማንም ቅርስ አይደለም።»

ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተነሣ። «አይደለም።» ቀጥሎ ያለው፣ «ቅርስ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል።» ጥሩሸዋ፣ «አያቴ ድንጋይ አምጥታበታለች፤ ቅርሴ ነው ብላ ግን አታውቅም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰባት ዓመት በሌላ ቋንቋ ተምሬ፣ ወደ አማርኛ ስመለስ በመጽሐፉ አማርኛ ነው የተመለስኩት። በመጽሐፉ አማርኛ ቅርስ ማለት ከጥንት የቆየ፣ የሁሉም የሆነ፣ የሚጠበቅ ነገር ነው። በጉንዶ አፋፍ ግን ቅርስ ማለት ጥሪት ነው፤ አንድ ሰው ቆጥቦ ያኖረው፣ ለልጁ የሚያወርሰው፣ ላሙ፣ ጠመንጃው፣ ጎታው። እናቴ ራሷ «ቅርስ የሌለው ሰው» ትል ነበር፤ ድኻ ማለቷ ነው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ መሬት ለአራሹ በታወጀ ሰሞን፣ ሰዎች መጥተው የእመይቴ አማከለችን ቤት ሲፈትሹ የጠየቋት በዚያው ቃል ነበር። የባልሽ ቅርስ የት ነው? ጠመንጃውን ወሰዱ፣ ጉድጓዱን አስቆፍረው እህሉን አወጡ፣ ትርፍ ቤት ብለው አንዱን ቤት ወረሱ። ሰው ሁሉ ቆሞ አይቷል። አሁን ደግሞ ከመንግሥት የመጣ ሰው፣ ባሏ ምሰሶ በሰጠበት ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ይኸ ቅርስ ነው ወይ ይላቸዋል። በአንድ አፍ ተናገሩ ብያለሁ። በአንድ አፍ ተናገሩ።

ተራው እመይቴ አማከለች ዘንድ ደረሰ። ሰባ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ባና የደረበች ሴት ናት። በትሯን ተደግፋ ተነሣች።

«እመይቴ፣ ተቀምጠው ይናገሩ» አለ ወዳጆ።

«ጓድ አማከለች» አለ በዕውቀቱ፣ ከማስታወሻው ቀና ሳይል።

«እሱንም ልሁን» አለች። «የባሌ ቅርስ አይደለም፤ የልጆቼም አይደለም። እንጨቱን ሰጠ እንጂ ቤቱን አልያዘም። ለተማሪ ነው የሰጠው፤ ተማሪውም ሄዷል። ሌላ የማውቀው የለኝም።» ተቀመጠች።

በዕውቀቱ ጻፈ። ወደ ጆሮው ተጠጋሁ።

«ቃሉ ስሕተት አለበት» አልኩት። «እዚህ አገር ቅርስ ማለት ሌላ ነው።»

«አንተ እዚህ አይደል የተወለድከው?»

«አዎ።»

«ታዲያ በማይገባቸው ቃል ለምን ጠየቅሃቸው?»

«እንደተጻፈው ጠይቅ ስላልከኝ። በሌላ ቃል ደግሜ ልጠይቅ።»

አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወደ ሙቀቱ መመለስ ነው የፈለገው። «ሠላሳ ምናምን ሰው በአንድ ቃል ከተናገረ በኋላ ሐሳቡን ካስለወጥነው፣ ሰው አስጠንቷቸዋል ማለት ነው» አለ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ወይስ ሴትየዋ የደበቀችው ነገር አለ? ካለ ማጣራት እንችላለን» አለኝ።

ወደ እመይቴ አማከለች አየሁ። በትሯን በጉልበቷ መካከል ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«የለም» አልኩ። ተቀመጥኩ።

የቀሩት የኔታ ብቻ ነበሩ። ወዳጆ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ድምፄ የነበረበትን ቦታ ያውቁታል። አንድ ነገር ሊናገሩ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ሕዝቡ እንዳለው ነው» አሉ።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። የተማረው ፈረመ፤ ያልተማረው በጣቱ አተመ። እዚያው ቤት ውስጥ ፊደል የቆጠሩ ስለነበሩ የፈረሙት ይበዛሉ። እኔም ከሥር ፈረምኩ። ሲወጡ ወዳጆ በጠባቡ በር ላይ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ላይ ቀንበሩ የወረደለት በሬ ዓይነት እፎይታ ነበር።

«እንዳልከን አደረግን» አለኝ።

አላረምኩትም።

የካቲት መጨረሻ ላይ ቤቱ ፈረሰ። ያፈረሱት ራሳቸው ናቸው፤ ያው ደቦ፣ ያው ሰው። የጓሳው ሣር ገና ቀለሙን አልለወጠም ነበር። በጥንቃቄ እያወረዱ አሰሩት። እየቆጠርኩ እንድጽፍ ታዝዤ ስለነበር ድንጋዮቹ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ዳር ቆሜ ነበር። ያ እንደ ጉልበት ያበጠው ድንጋይ ሲያልፍ አየሁት፤ ብቻውን ሲሆን ትንሽ ነው። የሚዘፍን የለም። ደቦ ላይ ዝም የሚባልበትን ቀን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

እመይቴ አማከለች ከቤቷ ፍርስራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የእሷም በዚያው ሳምንት ወርዷል። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው መንገር ነበረብኝ። ስለ ሰርኩላሩ፣ ስለ ቃሉ፣ አዎ ቢሉ ኖሮ ቤቱ ይቆይ እንደነበረ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«አዎ ብንል ለማን ይሆን ነበር?» አለች።

«ለመንግሥት። ቅርስ የመንግሥት ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።»

«አሁንስ ለማን ሆነ?»

«ለመንግሥት።»

«እንግዲህ ያው ነው» አለች። ደግሞም፣ «ለወዳጆ እንዳትነግረው። ይበቃዋል» አለችኝ።

አልነገርኩትም።

ሚያዝያ ላይ አዳራሹን እንድረከብ ታች ሜዳ ሄድሁ። ንድፉ ከላይ የመጣ ነው፤ ዐሥራ አራት ሜትር በስምንት፣ አራት ማዕዘን። ቤቶቹ በመስመር በመስመር ቆመዋል፣ በየበሩ ላይ ቁጥር ተጽፏል። የየኔታ ሠላሳ ሦስት ቁጥር ነው፤ ወዳጆ ከአዳራሹ ጎን እንዲሆን አድርጎላቸዋል። ከበራቸው እስከ አዳራሹ ግድግዳ ጠፍር ተወጥሯል፤ የመንደሩ ሰው ከየቤቱ ቁራሽ ቆዳ አዋጥቶ የቀጠለው ነው። እሱን እየዳበሱ ሲመጡ አገኘኋቸው።

«ማነው?»

«መርስዔ ኃዘን ነኝ፣ የኔታ።»

«ሊቁ» አሉ። «አየህ፣ እንደ በግ አሰሩኝ።» ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። እጄን ሰጠኋቸው፤ አልያዙትም። ጠፍሩን ጨርሰው መዳፋቸውን ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳረፉ።

«የኔታ፣ ያን ቀን የጠየቅሁት ቃል...»

«ቅርስ» አሉ።

«ሌላ ማለቴ ነበር።»

«ምን ማለትህ እንደሆነ አውቄያለሁ። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ አይደለሁም? ቃል ልታስተምረኝ ነው?»

«ታዲያ ለምን አዎ አላሉም?»

«እኔ አዎ ብል ያ ብርዳም ልጅ የማን ነው ይለኝ ነበር። አማከለችን ሳልጠራ የምመልሰው አልነበረኝም።» መዳፋቸውን ወደ ቀኝ አንሸራተቱ። «አንተስ ታዲያ? አንተም ተቀመጥክ። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ።»

«እኔም በዚያው ነው» አልኩ። እውነት ይሁን አይሁን እስካሁን አላውቅም። ምናልባት ለእሷ ብዬ ነው። ምናልባት ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት።

ድንጋዩን እየዳሰሱ መሄድ ጀምረው ነበር፤ እኔም ከኋላ ተከተልኩ። አንዱን ይነካሉ፣ ቆም ይላሉ፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የወዳጆን አባት የፈለጉ መሰለኝ፤ ወይም የጥሩሸዋን አያት። እኔ የማውቀውን ግን እሳቸው ገና ያወቁት አልመሰለኝም። ንድፉ ማዕዘን ስላለው ግንበኞቹ ድንጋዩን ሁሉ ጠርበውታል። ጥረባውን ያዘዘው ወረቀት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ያለዚያ ግድግዳው አይቆምም።

ከማዕዘኑ ሲደርሱ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። ወደ ኋላ መለሱት፣ ጠርዙን አገኙት፣ ወደ ታችና ወደ ላይ ዳሰሱት።

«መዶሻ ነክቶታል» አሉ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ዞረው፣ በመጡበት በኩል፣ በግራ እጃቸው ግድግዳውን እየነኩ ወደ ጠፍሩ ተመለሱ።